ያልጮኸው ጋሪ

ሰሞኑን ዐይኔን ታከምኩ። የሞራ ግርዶሹን አንሥተው፣ በፋሻ ሸፍነው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ሁለተኛው ዐይኔ ድሮም ለይስሙላ ያለ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሥራ ካቆመ ቆየ። ስለዚህ ይኸው ኮልፌ፣ እቤቴ በረንዳ ላይ ወንበር ወጥቶልኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብያለሁ። የልጅ ልጄ ቤዛ "አባባ፣ ደፍ አለ፣ እግርዎን ያንሡ"፣ "አባባ፣ ሻዩ ትኩስ ነው፣ ቀስ ይበሉ" እያለች ታዝዘኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። ስንቱን ሳዝዝ የኖርኩ ሰው፣ ተራዬ ደረሰ።

ጎረቤታችን ፎቅ እየሠራ ነው። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ አሸዋ የሚያመላልስበት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ አለ፤ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። እኔ ጆሮዬን ሰጥቼ ስከተለው፣ ቤዛ ግን ጥርሷ ድረስ ተሰማት።

"አባባ፣ ሄጄ ዘይት አድርጉበት ልበላቸው?" አለችኝ።

"ተይው! እንዳትነኩት!"

ሳላስበው ጮኬ ኖሮ ልጅቱ ደነገጠች። በአንድ ጋሪ ምክንያት ሰው እንዲህ ይቆጣል ወይ? እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና የይትባረክን ነገር አጫወትኳት። ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ያኔ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ኮልፌ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ሱቃችን የማይሸጠው ነገር አልነበረም፤ ላምባ፣ ጨው፣ የፈረስ ኮርቻ ማሰሪያ፣ ብርቱካን። ከሱቃችን ጀርባ ደግሞ እትዬ በለጡ የሚባሉ የጎጃም ሴት ይኖራሉ። ይትባረክ የእሳቸው የወንድም ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዐይኑን ወሰደበት። አገሩ ላይ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዜማ ተማረ፤ ኋላ በዐይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት በጣቱ ማንበብ ቻለ፤ ከዚያም እኛ ዘንድ፣ ከሚያዩት ጋር እንዲማር ተላከ። ትምህርት ቤቱ ለእንደርሱ ያለ ተማሪ መጽሐፍ የሚያነብለት ጓደኛ ይመድብ ነበርና፣ ጎረቤቱ ስለሆንኩ ለእሱ የደረስኩት እኔ ነኝ።

እጁን ይዤ የምመራው መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመስከረም ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ወሬ እያወራሁ ስመራው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቴ የገባሁት እኔ ነኝ። እሱ ከዳር ቆሞ ጠበቀኝ።

"ወልዴ፣ ጉድጓዱ እኮ የዳቦ ቤቱ ሽታ እንዳለቀ ነው። አታሸትም?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚመራ መከራከር ተውኩ። እሱ መንገዱን በአፍንጫና በጆሮ ነበር የሚያውቀው። ዳቦ ቤቱ፣ የአንጥረኛው መዶሻ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው ቀዝቃዛ አየር፤ ነፋሱ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲነፍስ ደግሞ "ዛሬ ቆሼ ጎረቤታችን ሆናለች" ብሎ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል። ቀልደኛ ነበር። እናቴ ቆጮ በጎመንና በአይብ ያቀረበችለት ዕለት አንድ ጊዜ ጎረሰና ረጅም ሰዓት አኘከ። "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጆንያው ጥሩ ነው፤ ውስጡ የነበረው እህል የት ሄደ?" አለ። እናቴ እስክታነባ ሳቀች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን በራችን ላይ ቆሞ "ያ ጆንያ ዛሬ የለም?" እያለ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ይህን ሁሉ የሚችል ልጅ አንድ ነገር ተከልክሎ ነበር። ዐይነ ስውራን ከሒሳብና ከሳይንስ ነፃ ናቸው የሚል ደንብ አለ። እኛ ፊዚክስ ስንማር እሱ ግቢው ውስጥ ካለ ጽድ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ለደግነት የወጣ ደንብ ነው፤ ማንም እሱን ሊጎዳ ብሎ አላሰበም። ይትባረክን ግን እንደዚህ ደንብ የሚያንገበግበው ነገር አልነበረም።

"ነፃ ወጣህ ይሉኛል። እስረኛ ነኝ ያልኩት መቼ ነው?" አለኝ አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሸንኮራ እየመጠጥን። "ሰው ሁሉ የሚፈተነውን ተፈትኜ ብወድቅ ግድ የለኝም። ሳልፈተን እለፍ መባል ነው የሚያመኝ። የእናንተ ሰርተፊኬት ላይ ቁጥር ባለበት ቦታ የእኔው ላይ ሰረዝ ይኖራል። ሰረዝ ሆኜ ልቀር ነው?"

 

የበልግ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ፊዚክስ ላይ ሳለን በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው እስኪበሳ ይደበድበዋል። መምህራችን ልሳነወርቅ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ፣ ሳቅ የማያበዛ ወጣት ነበር። በረዶው ጋብ እስኪል ጠበቀና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሁለት ሳንቲሞች አስቀመጠ። በማስመሪያው ባንድ ምት አንዱን ወደ ፊት ሊያስፈነጥረው፣ ሌላውን እዚያው ቀጥ ብሎ እንዲወድቅ ሊያደርገው ነው።

"የትኛው ቀድሞ መሬት ይደርሳል?" ሲል ጠየቀ።

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ቀጥ ብሎ የሚወድቀው መንገዱ አጭር ስለሆነ ይቀድማል ያልነው በዛን። መምህሩ መታቸው። ሳንቲሞቹ ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ሁላችንም በዐይናችን ያየነውን ይዘን መጯጯህ ጀመርን፤ "ያኛው ቀደመ!"፣ "ኧረ ይኼኛው ነው!" በዚህ መሀል ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

"እኔ የሰማሁት አንድ ድምፅ ነው።"

ይትባረክ ነው። በረዶው ከጽዱ ሥር አባርሮት፣ ነጠላው ውኃ እያንጠባጠበ፣ ፀጉሩ ላይ የበረዶ ፍሬ እንዳለ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መምህሩ አየው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና "ሁላችሁም ዐይናችሁን ጨፍኑ" አለ። ሳንቲሞቹን ደግሞ መታቸው። ቀጭ! አንዲት ድምፅ። ሌላ የለም።

አርባ ልጅ ዐይኑን ገልጦ ሲሟገትበት የነበረው ነገር ዐይኑን ሲጨፍን ተፈታ። የተወረወረ ነገር ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይሠራል ሲል መምህሩ አስረዳን፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ታችም ይወድቃል፤ አንዱ ሥራ ሌላውን አያዘገየውም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አውሮፕላን ሳለ፤ ከሥሩ የሚሄድ መኪና። አውሮፕላኑ ጆንያ እህል መኪናው ላይ ሊጥል ነው። ጆንያው እስኪወርድ መኪናው ስለማይጠብቅ፣ ማነጣጠር ያለባችሁ መኪናው አሁን ያለበት ላይ ሳይሆን ወደፊት የሚደርስበት ላይ ነው አለን።

ሰዓቱ ሲያልቅ ይትባረክ "መምህር፣ ከእንግዲህ እዚህ ልቀመጥ?" ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አዘነ። "የሳንቲሙ ነገር በጆሮ የሚያዝ ሆነልህ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሥዕል ነው፤ የዐይን ትምህርት ነው። የሚሄድን ነገር ሳታየው እንዴት አድርገህ ትመታዋለህ?"

"ይፈትኑኝ። ብስት ሁለተኛ ይህን ጥያቄ አላነሣም። ብመታ ግን ያስገቡኝ፤ ከሰው ጋርም ልፈተን።"

"ምኑን ነው የምትመታው?"

"የአባባ ጉርሜሳን ጋሪ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቀም። አባባ ጉርሜሳ የግቢያችን አትክልተኛ ናቸው፤ ከቀራንዮ በኩል በየማለዳው በእግራቸው የሚመጡ፣ ከሰው ይልቅ ከችግኝ ጋር የሚያወሩ ሽማግሌ። የቆርቆሮ ጋሪያቸው ጎማ በዞረ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። እኛ ፊዚክስ ስንማር ይትባረክ ዓመቱን ሙሉ ከጽዱ ሥር ያዳመጠው ያንን ጋሪ ነበር። ከክፍል ያስወጣው ደንብ ራሱ ያስተማረው መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

መምህሩ ዳይሬክተሩን አነጋግሮ ቁርጡን ነገረን። ከፋሲካ በኋላ፣ ከፎቁ በረንዳ ላይ ሆኖ፣ ባዶውን ጋሪ በብርቱካን እንዲመታ። ጋሪው ሦስት ጊዜ ያልፋል። ዳይሬክተሩ ቆመው ያያሉ። ከሳተ ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመድ ጀመርን። ብርቱካኑን ከአባቴ ሱቅ፣ መጎዳት ከጀመረው ለቅሜ አመጣለሁ፤ እኔ ደግሞ ክርና እርሳስ ይዤ የጎማውን ዙሪያና የበረንዳውን ከፍታ እለካለሁ፤ መጽሐፉ በሚለው አሰላለሁ። እሱ ብርቱካኑን እየለቀቀ በጉሮሮው ዜማ ይመታል፤ ከእጁ ወጥቶ መሬት እስኪነካ ያለውን ጊዜ በዜማው ልክ ይሰፍረዋል። የኔ ስሌትና የሱ ጉሮሮ የተስማሙ ዕለት ዘለልን። ብርቱካኑ ከበረንዳው መሬት እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ የአባባ ጉርሜሳ ጎማ ከአንዱ ሲጢጥ እስከ ሌላው ከሚፈጅበት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

"በል እንግዲህ፣ እግዜር ራሱ የሰፈረልን ነው" አለ ይትባረክ፣ እጁን እያፋተገ።

መንገዱ ላይ አንዲት የውኃ ቦይ አለች፤ በላይዋ ሳንቃ ተጋድሟል። ጋሪው ሳንቃውን ሲረግጥ ዷ ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሲጢጥ ያሳልፋል፤ በሦስተኛው ላይ ይወረውራል፤ አራተኛው ሲሰማ ብርቱካኑና ጋሪው ይገናኛሉ። ውርወራውም የዋዛ አልነበረም፤ ጠጠሩ መንገድ ከግድግዳው ራቅ ይላል። አጥሮ ሣር ላይ ሲወድቅ ድፍ ይላል፣ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ እሱ በዚያ ድምፅ ክንዱን አረቀ። አንድ ቀን እኔም ልሞክር ብዬ ከላይ ወረወርኩ። እያየሁ፣ በደንብ አነጣጥሬ፣ ጋሪው ላይ። ጋሪው አለፈና ብርቱካኑ ከኋላ የሚገፉት አባባ ጉርሜሳ ትከሻ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ጠብህ ከኔ ጋር ነው ከጋሪው ጋር?"

ቀኑ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ወጨጫ ተራራ እጅ የምትዘረጋበት ያህል ቀርቦ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ባንድ እግሩ ወጥቷል። ዳይሬክተሩ በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት ቆመዋል። ይትባረክ ከመምህሩ ጋር በረንዳው ላይ ነው። ምልክት እንዳልሰጠው መምህሩ እኔን ከታች፣ ከሳንቃው አጠገብ አቆመኝና ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ።

አባባ ጉርሜሳ ብቅ ሲሉ ልቤ ደስ አላት። ነጭ የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጢማቸውን አበጥረዋል፣ ጋሪውም ታጥቦ ያበራል። እየቀረቡ ሲመጡ ግን አንድ ነገር እንደ ጎደለ ገባኝ። ጋሪው አይጮኽም። ድምፁ ጠፍቷል። ጎማው መሐል ላይ ጥቁር ግራሶ ተለጥፎበት ያብለጨልጫል።

ለዳይሬክተሩ ክብር ነው! ያን ያህል ትልቅ ሰው ቆሞ፣ ጋሪ ሲጢጥ እያሰኙ ማለፍ ነውር መስሏቸው፣ ሽማግሌው ማለዳ ከጋራዥ ግራሶ ለምነው ቀብተውታል። በዚያ ላይ እንደ ወትሮው አይጣደፉም፤ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው ረጋ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይራመዳሉ። ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። መሐላዬ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ሳንቃው ዷ አለ። ከዚያ ጸጥታ። ይትባረክ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ፤ የሚጠብቀው ድምፅ አልመጣም። በልማዱ ገምቶ ወረወረ። ብርቱካኑ ከጋሪው ፊት ርቆ ጠጠር ላይ ፈረጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

"እንደገና" አለ ይትባረክ። ድምፁ አልተለወጠም።

ሽማግሌው ዞረው መጡ። ሳንቃው ጮኸ። ይትባረክ ብርቱካኑን እንደ ጨበጠ፣ ሳይወረውር፣ ጋሪውን አሳለፈው። ከኋላዬ አንዱ ልጅ "ጨነቀው" አለ። እኔም ጨንቆት መስሎኝ ነበር።

"ይህም ይቆጠራል፣ ይትባረክ" አለ መምህሩ፤ ድምፁ ውስጥ ጭንቀት ነበር።

"ይቆጠር።"

ኋላ እንደ ነገረኝ፣ በዚያ ዙር የአባባ ጉርሜሳን በረባሶ ሲያዳምጥ ነበር። ጋሪው ግራሶ ተቀባ እንጂ ከመኪና ጎማ የተሠራው ጫማቸው አልተቀባም። ጠጠሩ ላይ ቸክ፣ ቸክ ይላል። ዕድሉን ከፍሎ የገዛው ያንን የርምጃ ልክ ነው። የብርቱካኑን አወራረድ ግን አዲስ መማር አላስፈለገውም፤ እሱ ድሮም ጉሮሮው ውስጥ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ሆነ። ሳንቃው ዷ አለ። ከታች ሆኜ የይትባረክ ጣት የበረንዳውን ብረት ስትመታ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ወረወረው። ብርቱካኑ ከብረቱ በላይ ወጣ። ጋሪው ገና ወዲህ ነው፤ ብርቱካኑ የሚሄደው ማንም ወደሌለበት ባዶ መንገድ ነው። "አይይ!" አለ ግቢው በሙሉ፤ እኔም አብሬ "አይይ!" ብያለሁ፣ መሐላዬን ረስቼ። አባባ ጉርሜሳ ግን መራመዳቸውን አላቆሙም። በዚያው በረጋ አካሄዳቸው ጋሪውን ገፍተው ከብርቱካኑ ሥር አስገቡት።

ጓ!

ባዶ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚጮኽ ታውቃላችሁ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግቢው ባንዴ ፈነዳ። አባባ ጉርሜሳ "ያ ዋቃዮ!" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩና ብርቱካኑን ከጋሪው አነሡ፤ በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና "ይሄስ የኔ ነው" ብለው እዚያው ይልጡት ጀመር። በኋላ ስለ ግራሶው ብወቅሳቸው ተቆጡኝ፤ "ታዲያ ዳይሬክተሩ ቆመው ጋሪ ላስጩህ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ያንተ!"

ዳይሬክተሩ ክራቫታቸውን አስተካከሉና ወደ በረንዳው ቀና ብለው "እንግዲህ ቃል ቃል ነው" አሉ። መምህር ልሳነወርቅ የይትባረክን ትከሻ ያዘ። ያለውን ነገር ይትባረክ ነው የነገረኝ፤ "ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንዳትዘገይ።" በማግስቱ ወንበሩን ከሌላ ክፍል ራሱ ተሸክሞ ያመጣለት መምህሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ሲስል ዝም ብሎ አይስልም፤ "አሁን መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ እወስደዋለሁ፣ እዚህ ላይ ደክሞት ይታጠፋል" እያለ ይናገራል። ለይትባረክ ብሎ ነው የጀመረው፤ የገባን ግን ሁላችንም ነን። ፈተናውን በቃል ተፈተነ። አንደኛ አልወጣም፤ አለፈ። ሰረዝ በነበረበት ቦታ ቁጥር ተጻፈለት። ያን ቀን ካርዱን ይዞ ቁጥሩን "የት ጋ ነው?" ብሎ ጣቱን አስይዞኝ ሲዳስሰው፣ የማይነበብ ቀለም መሆኑን እያወቀ ሲዳስሰው፣ ማልቀሴን እንዳይሰማ ፊቴን አዞርኩ። ሰምቶኛል።

ኋላ አገሩ ተመልሶ መምህር ሆነ። ፊዚክስ ላስተምር ቢል እሺ የሚለው ስላላገኘ ታሪክ አስተማረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያርፍ ለለቅሶ ጎጃም ወረድኩ። ድንኳን ውስጥ ሽበት ያበቀሉ ተማሪዎቹ ስለ ጠመኔ ውርወራው ሲያወሩ አመሹ፤ ከክፍል ሾልኮ ሊወጣ የሚሞክርን ልጅ፣ ጫማውን አውልቆ እንኳ ቢሄድ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ጠመኔው ይጠብቀው ነበር አሉ። እየሳቅን አለቀስን።

ብዙ ዘመን የማደንቀው ያችን ሦስተኛ ውርወራ ነበር። አሁን ግን በጨለማ ቀናት ተቀምጬ፣ የሻይ ብርጭቆ ፍለጋ ጠረጴዛ ስዳብስ፣ ልቤን የሚነካው ሁለተኛው ዙር ነው። ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ከቀሩት ሁለት ዕድሎቹ አንዱ እያለፈ፣ እጁን ጨብጦ ዝም ብሎ ማዳመጡ። እኔ ብሆን ወርውሬ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ብቻ እወረውር ነበር።

ታሪኩን ስጨርስ ቤዛ "ብርቱካን ልላጥልዎ?" አለችኝ።

"ሳትልጪ አምጪው" ብዬ ተቀበልኳት። "አሁን ከዚያ ከበሩ ወደ ውኃው ቧንቧ ተራመጂ። ጫማሽን አታንሺ፣ ይጩህ።"

"አባባ፣ ኧረ ዐይንዎ!"

"በእጄ ነው የምወረውረው።"

እየሳቀች ተራመደች። ነጠላ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። ወረወርኩ። ብርቱካኑ አንድ ቦታ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ።

"ከኋላዬ ነው የወደቀው፣ አባባ። አለፍኩት።"

ስንት ዘመን ኖሬ ዛሬም ከኋላ! ከአጥሩ ወዲያ ጋሪው ሲጢጥ እያለ ያልፋል።

"እንደገና" አልኳት።